ግንቡን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ

(ባሕር ዳር ላይ ስለ ጣና ዳር ፍርስራሾችና ደኖች ከተደረገ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ወንበር አለ። ማይኩ ይሰማል አይደል? ጥሩ።

በጥያቄ ልጀምር። ዘጌን ያየ እጁን ያውጣ። እሺ፣ ሁላችሁም ናችሁ ማለት ይቻላል። ጎርጎራን ያየስ? ቀነሰ። ጉዛራን? እዚያ ጥግ ላይ አንድ ሰው፣ እዚህ ደግሞ እህታችን። በሉ ይኸው። ጎንደር ያልሄደ ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና የሄደ ሰው ሁሉ በጉዛራ ግንብ ግርጌ አልፏል። ሾፌሩ አላቆመም፤ እኛም አቁም አላልነውም።

የጎንደር ቅርሶች እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሲሰፍሩ የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለበት፣ ጥምቀተ ባሕሩ አለበት፣ ቁስቋም አለበት። ጉዛራም አለበት። ጎርጎራም አለበት። የዓለም ቅርስ ሥር እያለፍን ነው እንግዲህ ስልካችንን የምንነካካው።

ዛሬ የማወራው ስለነዚህ ፍርስራሾችና በዙሪያቸው ስላለው ዛፍ ነው። ወይም ስለሌለው ዛፍ። አብዛኛው ሰው ፍርስራሽ ሊያይ ሲሄድ ግድግዳውን ያያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይመለሳል። አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። እኔ የምለው ግን፣ ዙሪያውን በእግራችሁ ካልዞራችሁት ግንቡ ራሱ አይገባችሁም ነው። ነገሥታቱን እዚህ ያቆያቸው እንጨት ነው። ግድግዳውን ያጸናው ኖራ የተቃጠለው በእንጨት ነው። ዛሬ ግድግዳውን እየሰነጠቀ ያለውም ዛፍ ነው። ጭቅጭቁ አራት መቶ ዓመት አልፎታል፣ አሁንም አላለቀም።

እንዴት ወደ ጣና መጡ የሚለውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግራኝ አህመድ ጦርነት ሀገሩን አናጋው። ከዚያ በኋላ የመንግሥቱ ማዕከል ከሸዋ እየራቀ ወደ ጣና ዙሪያ ተሳበ። ያን ጊዜ ንጉሥ ቋሚ ከተማ አልነበረውም። በበጋ ይዘምታል፣ ክረምት ሲገባ አንድ ቦታ ይከርማል። የሚጓዘው ደግሞ ብቻውን አይደለም። ሠራዊቱ፣ መኳንንቱ፣ ካህናቱ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ አጋሰስ ነጂው አብሮት ይነሣል። ድንኳን ይተከላል። እሳት ይነዳል። ጠዋት እሳት፣ ማታ እሳት። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የባሰ እሳት። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሁለት ሦስት ክረምት አንድ ቦታ ቢከርም ዙሪያውን ያለው ደን ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ማገዶው ሲርቅ ጓዝ ይነሣል።

መናገሻው ለምን ቶሎ ቶሎ ይቀያየር ነበር ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ነው። ጦርነት አለ፣ ወረርሽኝ አለ፣ የንጉሡ ፈቃድ አለ። ማገዶ ግን ከመልሶቹ ሁሉ የተረሳው ነው። አዲስ አበባን እንኳ አስቡ። አፄ ምኒልክ እንጨት አልቆባቸው መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ጀምረው ነበር። ከተማዋን ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን ስንረግም ይህንንም አብረን እናስታውስ።

ጣና ለመክረም የተመቸ ነው። ሐይቁ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተኛው፤ ወይና ደጋ ነው፣ አይበርድም አያቃጥልም። በምሥራቅ ፎገራ፣ በሰሜን ደምቢያ አለ። እህል እዚያ፣ ከብት እዚያ። ዓሣው ከደጅ ነው። ውሃው አያልቅም። ደኑ ደግሞ ያን ጊዜ ነበር።

አሁን ወደ ጉዛራ እንሂድ። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ወረታ፣ ቀጥሎ አዲስ ዘመን። አዲስ ዘመንን አልፋችሁ ያ ብቻውን ሽቅብ የቆመው ቋጥኝ፣ አሞራ ገደል፣ ሲታያችሁ ሾፌሩን መወትወት ጀምሩ። እንፍራዝ አካባቢ ነው የምትወርዱት። ከዚያ ሽቅብ በእግር ነው። ዳገቱ ረጅም አይደለም፤ ግን በፀሐይ ያስተነፍሳል።

በሰፊው የሚታወቀው ጉዛራን ያሠሩት አፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው የሚለው ነው። እኒህ ንጉሥ ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. ነግሠዋል። ሲነግሡ ገና ልጅ ነበሩ። ግንቡ የተሠራው በ1570ዎቹ መጀመሪያ ነው ከተባለ የጎንደርን የፋሲል ግንብ በስድሳ ዓመት ያህል ይቀድመዋል። ቅርጹን ስታዩ ይህ አስገራሚ ነው። ባለ ፎቅ ነው። ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ አለው፣ ማማው አናቱ ላይ እንደ እንቁላል ይሾላል። ጎንደር ያየነው ነገር ሁሉ እዚህ ጀምሯል ያሰኛል።

ክርክር ግን አለ። ክርክሩ የመጣው ደግሞ ከኖራ ነው። ይህን ነገር ትንሽ ልዘርዝረው፣ ምክንያቱም ግድግዳውን ስትነኩት ምን እየነካችሁ እንደሆነ ማወቅ ጥሩ ነው።

ኖራ ማለት የተቃጠለ ድንጋይ ነው። ትክክለኛውን ድንጋይ ማግኘት አለባችሁ፤ ሁሉም ድንጋይ አይሆንም። ያንን ድንጋይ ምድጃ ውስጥ ከትታችሁ በኃይለኛ እሳት ለቀናት ታቃጥላላችሁ። የወጣውን በውሃ ታበርዳላችሁ። ይፍለቀለቃል፣ ይፈርሳል፣ ነጭ ሊጥ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋይና በድንጋይ መሐል ይገባል። ከዚያ ከአየሩ ጋር እየተዋሃደ ቀስ በቀስ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ጭቃ በዝናብ ይታጠባል፣ ኖራ ግን ይጸናል። ለዚህ ነው ከጭቃ የተሠራው ሁሉ ሲጠፋ ግንቡ የቀረው።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚህ የነበሩት ኢየሱሳውያን፣ ማለት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ጽፈው እንዳስቀመጡት ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ በጣና አካባቢ የታወቀው በ1620ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው። ያወቀውም ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነው ይላሉ። እና ጥያቄው ይመጣል። ጉዛራ ከዚያ ሃምሳ ዓመት ቀድሞ ከተሠራ ግድግዳው ውስጥ ያለው ኖራ ከየት መጣ? አንዳንዶቹ ስለዚህ ግንቡ የኋላ ሥራ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ሚሲዮናውያኑ የራሳቸውን ሥራ አግንነው ነው የጻፉት ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ሰው ራሱ ያላየውን ነገር የለም ማለት ይቀለዋል፤ የውጭ እንግዳ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይቀለዋል። ዳኛው ግን እኔ አይደለሁም።

በዚህም ሆነ በዚያ፣ ለዚያ ሁሉ ኖራ የነደደውን እንጨት አስቡት። ግንብ ሲሠራ ሁለት ጊዜ ደን ይበላል። አንዴ ለኖራው፣ አንዴ ለጣሪያው፣ ለወለሉ፣ ለበሩና ለመወጣጫው። ጉዛራ ስትደርሱ ቀና ብላችሁ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ጉድጓዶች እዩ። የወለሉ ወራጆች የገቡባቸው ናቸው። ፎቁ የት ላይ እንደነበረ በነሱ ይታወቃል። እንጨቱ ሄዷል፣ ቦታው ቀርቷል።

አሁን ወደ ሜዳው ዙሩ። በስተምዕራብ ጣና ተዘርግቷል። ከእግራችሁ ሥር ማሳ አለ፣ ጤፍ ነው፣ ሽምብራ ነው፣ ወደ ፎገራ ወረድ ሲል ሩዝ ነው። አርኖና ጋርኖ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ኮረብታው ላይ የቀረው ክትክታ፣ አጋም፣ ቀጋ፣ እዚህም እዚያም የተቆራረጠ ወይራ ነው። ቀሪው ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ግን ራቅ አድርጋችሁ ተመልከቱ። በማሳው መሐል ጠቆር ያሉ ክብ ክብ አረንጓዴዎች ታያላችሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ መሐላቸው ብልጭ ይላል። አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የነገሥታቱ ደን አልቆ የታቦቱ ደን የቀረበትን ሀገር በአንድ ዓይን የምታዩት ከጉዛራ ላይ ነው። እኔ ጉዛራ የምወጣው ለግንቡ ሳይሆን ለዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ጎርጎራ ልለፍ። ጎርጎራ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ ነው፤ ቅር እንዳይላችሁ።

አፄ ሱስንዮስ በ1607 እ.ኤ.አ. ነገሡ። በዘመናቸው የኢየሱሳውያን ሚሲዮን ሀገር ውስጥ ነበረ። ከሚሲዮናውያኑ ታዋቂው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ይህ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ መንገድ ላይ ተይዞ የመን ውስጥ ዓመታት ታስሯል። ከእስር ወጥቶ እንደገና ሞከረ፣ በ1603 ደረሰ። አማርኛ ተማረ፣ ግዕዝ ተማረ። በ1618 ከንጉሡ ጋር ሆኖ የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን አይቷል። በ1614 ደግሞ እዚህ ጎርጎራ ላይ ለሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ሠራ። አሠራ አላልኩም፤ መሮውንና መዶሻውን ራሱ ይዞ፣ ለሠራተኞቹ እያሳየ ነው የሠራው። ሰዉ ከየአገሩ ሊያይ መጣ ይባላል። በቤት ላይ ቤት ተሠራ ብሎ። ንጉሡ ከላይኛው ፎቅ ሆነው ሐይቁን ያዩ ነበር። ፓኤዝ በ1622 እዚያው ጎርጎራ ሞተ።

ልብ አድርጉ፣ ይህ ቤት የከተማ ቤት አይደለም። ሱስንዮስ ሌሎችም ነበሯቸው፤ ደንቀዝ አለ፣ አዘዞ ላይ ገነተ ኢየሱስ አለ። አዘዞ የውሃ ገንዳና የአትክልት ቦታ ነበረው። ንጉሥ ከጦርነትና ከሙግት አረፍ የሚልበት ቦታ ማለት ነው። መናፈሻ ቤት በሉት። ዛሬ ቅዳሜና እሑድ ጣና ዳር ሎጅ የምንይዘው እኛ አዲስ ነገር ያመጣን እንዳይመስለን።

ዕረፍቱ ግን አልቀናቸውም። ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ። ሀገር ተነሣ። አሥር ዓመት ሙሉ ደም ፈሰሰ። በ1632 ወይና ደጋ በተባለ ቦታ ላይ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ አሸነፉ። የወደቀው ግን የገዛ ሕዝባቸው ነው፤ ቁጥሩን እስከ 8,000 ያደርሱታል። በዚያው ዓመት የቀደመውን ሃይማኖት መለሱ፣ ዘውዱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ዐረፉ። የተቀበሩት አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ነው። ፋሲል ሚሲዮኑን አስወጡ፣ በ1636 ገደማም ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። ጎርጎራ ባዶውን ቀረ። የጎርጎራን ፍርስራሽ ስታዩ ጊዜ ብቻውን ያፈረሰው አይምሰላችሁ። የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። ማን ይጠብቀው? ጌታው የተሸነፈ፣ ሃይማኖቱ የተወገዘ ቤት ነው።

ፍርስራሹ ሱስንዮስ ግንብ ወይም ማርያም ግንብ ይባላል። ከጎርጎራ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሐይቁ በገባ ልሳነ ምድር ላይ ነው። በጀልባ መሄድ ይቻላል፤ በደረቅ ወቅት በመኪናና በእግርም ይቻላል። ከጀልባ ወርዳችሁ ሽቅብ ስትሄዱ መጀመሪያ ግንብ አታዩም። ቁጥቋጦ ነው የምታዩት። ከዚያ መሬት ላይ የወደቀ ጥርብ ድንጋይ። አጎንብሳችሁ ስታዩት አበባ ተቀርጾበታል። ያ ድንጋይ ጣሪያ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በአራት ማዕዘን ክፍልፍል ተሠርቶ በየክፍሉ አበባ ተፈልፍሎበት ነበር። አሁን ጥቂቱ ላይ ቀርቷል፣ ብዙው ሣር ውስጥ ነው። ከጣሊያን ዘመን የቀሩ ፎቶዎች ላይ ዛሬ የሌለ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። ስለዚህ ብዙው የወደቀው በአያቶቻችን ዘመን አይደለም። በአባቶቻችንና በእኛ ነው።

ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ከስፔን የመጡ የአርኪዮሎጂ ሰዎች እዚያ፣ ደንቀዝና አዘዞ ላይ ቆፍረው አጥንተዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ታውቋል። ማወቅና ማቆም ግን የተለያየ ሥራ ነው።

እና ዛፉስ? ያፈረሰው ዛፉ ነው ይሏችኋል። እውነት አለው። ሾላ በሉት፣ ጭብሃ በሉት፣ ዋርካ በሉት፣ ሥራቸው አንድ ነው። ወፍ ፍሬውን ትበላለች። ግድግዳው አናት ላይ ታርፋለች። ዘሩን እዚያው ትጥላለች። ስንጥቁ ውስጥ ትንሽ አፈር አለ፣ ዝናብ ይመጣል፣ ይበቅላል። ሥሩ ውሃ ፍለጋ ኖራውን እየሰረሰረ ቁልቁል ይወርዳል። ቀጭን ሆኖ ይገባል፣ ውስጥ ገብቶ ይወፍራል። ግድግዳው ሆዱ ይነፋል። አንድ ክረምት ላይ ይወርዳል።

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ጎንደር ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ያሉትን ዛፎች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሥራቸው አጥሩን ጨብጦ ይዞታል። ዛፉን ብትነቅሉት ግድግዳው አብሮ ይመጣል። አንድ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ አፍራሹ ደጋፊ ይሆናል። ስለዚህ በቅን ልብ መጥረቢያ ይዞ ግንብ ላይ የሚወጣ ሰው ከዛፉ የባሰ ነው። የሲሚንቶ ነገርም እንዲሁ ነው። ጣሊያኖች ጎንደርን ሲጠግኑ ሲሚንቶና ብረት ተጠቀሙ። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ጠጣር ነው፣ አይተነፍስም። ውስጥ የገባውን እርጥበት ይዞ ያስቀራል፣ ድንጋዩን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። በኋላ ያንን ሲሚንቶ እያወጡ በኖራ መተካት የግድ ሆነ። ቅርስ ለማዳን ጥድፊያ አያዋጣም።

ጎርጎራ ከሄዳችሁ ደብረ ሲና ማርያምን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ወደቡ አጠገብ ነው። ክብ ናት፣ ጣሪያዋ ሣር ነው፣ ውስጧ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕል ነው። ሥዕሉን ያሠሩት የአፄ ፋሲል እኅት መለኮታዊት ናቸው ይባላል። ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቀን ማየት ጥሩ ነው። አንዱ ከጥርብ ድንጋይና ከኖራ፣ በባሕር ማዶ ባለሙያ፣ በንጉሥ ገንዘብ ተሠራ፤ ወደቀ። ሌላዋ ከእንጨትና ከሣር ናት፤ አለች። ሣሩ ሲያረጅ ምእመኑ ይከድናል። ዛፏም አለ፤ ግቢዋ ስትገቡ አየሩ ይቀዘቅዛል።

ወደ ዛፍ መጣሁ። ዘጌን ሁላችሁም ስላያችሁ ብዙ አላወራም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ፤ ዘጌ ውስጥ ሞፈርና ቀንበር ያየ አለ? የለም። አይታረስም። ከብትም አይሰማራም። የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ ወጉ እስከ አቡነ በትረ ማርያም ድረስ ይወጣል። በትራቸው ሦስት ቦታ ተሰብሮ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይላሉ አባቶች። ሰዉ ከቡናውና ከጌሾው ይኖራል፤ ቡናው ጥላ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዛፉ አይቆረጥም። ሃይማኖቱና ኪሱ አንድ ላይ የቆሙበት ቦታ ነው። ለዚህ ነው የጸናው ባይ ነኝ። ዛፍ ቅዱስ ነው ብሎ መስበክ ብቻውን አይበቃም፤ ዛፉ ማብላት አለበት።

ከአፋፍ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በእግር ሂዱ። ጀልባውን ለመልሱ አቆዩት። መንገዱ ላይ ዋንዛውን፣ ብርብራውን ለዩት። ብርብራ ያ ረጅም ቆባ የሚያንጠለጥለው ነው። ፍሬውን ወቅጠው ውሃ ውስጥ ከጨመሩት ዓሣ ያደነዝዛል፤ የጣና አጥማጆች ድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ዓሣውን ይጎዳል፣ አይበረታታም፤ ግን ዕውቀቱን ማወቅ ክፋት የለውም። ቡናውን ደግሞ ጠይቃችሁ እንጂ አትቅጠፉ። የሰው ጓሮ ነው።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን ሳነሣ የዚሁ የባሕር ዳሩን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን አለማንሣት አይቻልም። ደቡብ ጎንደር ላይ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከሜግ ላውማን ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አድርገዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ገበሬው ማሳው ውስጥ ያለውን ድንጋይ ይለቅማል፤ ማሳው ይጠራለታል። ድንጋዩ ካብ ይሆናል፤ ከብት አይገባም፣ ችግኙ አይረገጥም። ደኑ ከካቡ ወዲያ እንዳይሸረሸር ድንበር ያገኛል። ውጭ አገር ገንዘብ ሄዶ የሚፈለግበት ቴክኖሎጂ አይደለም።

እኔን የሚቆጨኝ ይኸው ነው። ጉዛራና ጎርጎራ ዙሪያ ለምን እንዲህ አይደረግም? ግንቡን አጥረን መቶ ሜትር ወዲያ ያለውን ኮረብታ ራቁቱን ትተነዋል። ጎርፉ ከኮረብታው ነው የሚመጣው። መሠረቱን የሚሸረሽረው ጎርፍ ነው። ወይራና ጽድ ኮረብታው ላይ ቢመለስ ግንቡም ይጠቀማል፤ ጎብኚው ደግሞ ጥላ ያለው የእግር መንገድ ያገኛል። አሁን ግን ሰው ግንቡን አይቶ ፀሐዩን ሸሽቶ ወደ መኪናው ይሮጣል። እዚያ አካባቢ ያለ ገበሬ ምን ያገኛል? ምንም። ሻይ የሚያፈላ እንኳ የለም። ዘጌ ላይ የሠራው ምሥጢር ጉዛራ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

እሺ፣ መውጫ ላይ ነኝ። ለመሄድ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ጊዜው የምታውቁት ነው፤ ያልተጠየቀ መንገድ አይወጣም። ወራቱ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ቢሆን ይመረጣል፤ ሜዳው አበባ ነው፣ ጭቃው ደርቋል። የተሸፈነ ጫማ አድርጉ፤ ፍርስራሽ እባብ ይወዳል። ከአካባቢው ሰው አስከትሉ፣ ዋጋውንም ሳትከራከሩ ክፈሉት። ግድግዳ ላይ አትውጡ። ስማችሁን አትጻፉ። ይህን ለናንተ መናገሬ ያሳፍረኛል፣ ግን ጉዛራ ላይ በከሰል የተጻፈውን የፍቅር ደብዳቤ ያየ ሰው ይረዳኛል። ወደ ደሴት ገዳማት የምትሻገሩ፣ ክብራን ገብርኤልን የመሰሉ ሴት የማያስገቡ አሉና አስቀድማችሁ እወቁ። ሰሜኑ ዳርቻ ላይ እምቦጭ በሚበዛበት ወቅት ጀልባ ይቸገራል፤ ጀልባ ነጂውን ሰምታችሁ ሂዱ፣ አትጨቃጨቁት።

አሁን ጥያቄ ካለ።

— «ጎርጎራን ከባሕር ዳር ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ማየት ይቻላል ወይ?» ነው ያልሽው እህቴ? በየብስ ዞሮ ነው የሚኬደው፤ ሐይቁን በምሥራቅ ታጥፊዋለሽ፣ ከአዘዞ ወደ ደቡብ ትገቢያለሽ። ይቻላል፣ ግን ቀኑን መኪና ውስጥ ነው የምታሳልፊው። እደሪ። አሁን ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር የተሠራ ትልቅ ማረፊያ አለ፤ ኪስ ካልፈቀደ ከተማው ውስጥም አልጋ አይጠፋም። ጠዋት ሐይቁ ሳይናወጥ ወደ ማርያም ግንብ፣ ከሰዓት ደብረ ሲና። መመለሻሽ ላይ ጉዛራ።

— አባታችን፣ ቀጥለው እርስዎ። «የእኛ ደብር አሮጌ የግንብ አጥር አለው፤ አናቱ ላይ ሾላ በቅሎበታል፤ ብንነቅለው ምን ይለናል?» አሉ። አባቴ፣ ውፍረቱ ስንት ነው? እንደ ጣት? እንግዲያው ጊዜ አለዎት። አይጎትቱት ብቻ። ሲጎተት ድንጋዩን ይዞ ነው የሚወጣው። ከሥሩ አጠገብ በመጋዝ ያስቆርጡት፤ መልሶ ሲያቆጠቁጥ እንደገና፣ እስኪሰለቸው ድረስ። ስንጥቁን በሲሚንቶ አያስደፍኑት። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም በደብዳቤ ያሳውቁ፣ ቅጂውንም እርስዎ ዘንድ ያስቀሩ። እንደ ክንድ የወፈረ ቢሆን ኖሮ ግን ባለሙያ ሳያየው እጅዎን አያሳርፉበት እል ነበር።